የቅዳሜ ሰላምታ

መንገሻ ስለ አሜሪካኖቹ እግር ኳስ የሚያውቀው ነገር ቢሰበሰብ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ኳሷ ለምን ሞላላ እንደሆነች፣ ሰዎቹ ለምን አሥር ሴኮንድ ተጫውተው ግማሽ ደቂቃ እንደሚመካከሩ፣ ዳኛው ቢጫ ጨርቁን በምን ተናድዶ እንደሚወረውር እስከ ዛሬ አልገባውም። ቢሆንም ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ አሜሪካ፣ ጋርላንድ ከተማ ካለው አፓርታማው ሶፋ ላይ ተደላድሎ የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ያያል። ዓይኑ ኳሷ ላይ አይደለም። ከሜዳው ጥግ፣ ነጭ ባርኔጣ ደፍተው ከተደረደሩት ሦስት መቶ ሙዚቀኞች ላይ ነው። ከእነሱ መሐል ከራሷ የሚበልጥ የናስ ጥሩምባ ሰውነቷ ላይ ጠምጥማ የምትነፋ ቀጭን ልጅ አለች፤ ልጁ ዊንታ ናት።

ችግሩ ቴሌቪዥኑ ሙዚቀኛ አይወድም። በእረፍት ሰዓት፣ ሙዚቀኞቹ ሜዳውን ሞልተው ሲወጡና ስታዲየሙ ሲያጨበጭብላቸው፣ ቴሌቪዥኑ ዘወር ብሎ ክራቫት ያሰሩ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲከራከሩ ያሳያል። ከእነሱ ቀጥሎ የፒክአፕ ማስታወቂያ ይመጣል፤ ከዚያ የኢንሹራንስ፣ ከዚያ የፊልም። መንገሻ ለገና የሚወጡትን ፊልሞች ማስታወቂያ በሙሉ በቃሉ ይወጣል፤ ከፊልሞቹ አንዱንም ገብቶ አላየም። ሙዚቀኞቹ ብቅ የሚሉት የእነ ዊንታ ቡድን ነጥብ ሲያስቆጥር ብቻ ነው፤ ያውም ካሜራው እግረ መንገዱን ሁለት ሴኮንድ ጠረግ አድርጓቸው ያልፋል። ስለዚህ መንገሻ ቡድኑ እንዲያሸንፍ ይጸልያል፤ ለቡድኑ ብሎ እንዳይመስላችሁ።

ዊንታ ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ዓመት አንድ ነገር ተስማምተው ነበር። ካሜራው እሷ ላይ ካረፈ፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ ብላ እጅ ልትነሣው፤ ልጅ ሳለች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለትልልቅ ሰዎች እንድታደርግ ያስተማራት እሱ ነው። እሱም በበኩሉ ብድግ ሊልላት ቃል ገባ። ሰው እጅ ሲነሣው ተዘርፍጦ የሚቀበል ባለጌ ነው፣ ልጅም ብትሆን። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ካሜራው ሙዚቀኞቹን ጠረግ ባደረገ ቁጥር፣ ትኑር አትኑር ሳያጣራ፣ መንገሻ ሪሞቱን እንደያዘ ከሶፋው ብድግ ይላል። ሚስቱ ዓለምጌጥ ከኩሽና ሆና፣ ብድግ እንደተባለለት እንግዳ፣ «በእግዚአብሔር! ኧረ ተቀመጥ!» እያለች ትስቅበታለች። ቅዳው፣ በኋላ ታየዋለህ ብላውም ነበር። ሰላምታ እንደ ትናንት ወጥ ተሙቆ አይበላም ብሎ መለሰላት።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። ካሜራው አንድም ቀን ዊንታ ላይ አላረፈም። ዩኒቨርሲቲው የስምንት ሰዓት መንገድ ነው፤ አንዴ ነድቶ ሄዶ፣ ከስታዲየሙ ጣራ ሥር ተሰቅሎ፣ ከነጫጭ ነጥቦቹ የትኛዋ ልጁ እንደሆነች ሳይለይ ተመልሷል። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ከዚህ ኅዳር በኋላ ጥሩምባውም ባርኔጣውም ይመለሳል፣ መንገሻም ብድግ የሚልለት ነገር አይኖርም።

ያው ዘንድሮ ደግሞ ሥራው ሄደ። ፍሪስኮ በምትባል ጎረቤት ከተማ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት በሆነ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ኩባንያ የፖስታ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ቅዳሜ የራሱ። የኳሱንም ቋንቋ የተማረው እዚያ ነው። ሰኞ ጧት አሳንሰር ውስጥ ጌሙን አየኸው ሲሉት፣ «ነገሩ ሁሉ ዲፌንሱ ነው» ይላል፤ መከላከሉ ማለቱ ነው። ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ልክ ነህ ይለዋል። በዚህች አንዲት አረፍተ ነገር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኳስ አዋቂ ተብሎ ኖረ። በነሐሴ ወር ግን ደብዳቤ በኮምፒዩተር መምጣት ከጀመረ ቆይቷል፣ ፖስታ ክፍል አያስፈልገንም አሉና ሌይ ኦፍ አደረጉት። ለዚህኛው ዲፌንሱ አልሠራም።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ፍለጋ ነው። መንገሻ ጧት ጧት የዊንታን አሮጌ ላፕቶፕ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ኩባንያ አዲስ አካውንት ክፈት፣ አዲስ ፓስወርድ አውጣ ይለዋል። ሬዙሜህን አስገባ ይለዋል፤ ያስገባል። አሁን ደግሞ ሬዙሜህ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ጻፍልኝ ይለዋል፤ ይጽፋል። ላክ ብሎ ሻይ ሊቀዳ ሲነሣ፣ ማመልከቻህን በጥንቃቄ መርምረን ሌላ ሰው መርጠናል የሚል ኢሜይል ይመጣል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ጥንቃቄ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው እንኳ የለም። ሰው የሆነ ፍጡር ደውሎ ያናገረው ሁለቴ ነው፤ አንዱ ከኤርፖርት፣ አንዱ ከሆስፒታል ዕቃ ቤት። ሁለቱንም ቅዳሜ ሥራ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ አለ አሉት፣ ሁለቱም ቀሩ።

ዓለምጌጥ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ከነሐሴ ወዲህ ደብል፣ ሁለት ፈረቃ ደርባ እየገባች፣ ማታ እግሯን በጨው ውኃ ዘፍዝፋ ትቀመጣለች። የምትነዘንዝ ሴት አይደለችም፤ ብትነዘንዘው ይሻለው ነበር። በመስከረም መጨረሻ ግን፣ እግሯ ውኃው ውስጥ እንዳለ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«መንገሻ፣ እኔ ቅዳሜ የለኝም። እሁድም የለኝም።»

በማግስቱ ግራንድ ፕሬሪ ወዳለ ትልቅ መጋዘን ለቃለ መጠይቅ ሄደ። ጠያቂዋ ደግ ሴት ናት። ሥራው በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አሥር ሰዓት፣ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ነው አለችው። ቅዳሜ አልችልም አላት። በሃይማኖት ምክንያት ነው ወይ ስትል ጠየቀችው። መንገሻ አሰበ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ቀዳሚት ሰንበትን ታከብር የለም እንዴ? አንገቱ ተነቀነቀ። ምላሱ ግን ምንም አላለም፣ በኋላ ራሱን ያጽናናው በዚህ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሴትየዋ ለዚህማ ፎርም አለን ብላ፣ የሃይማኖት አባት የሚፈርምበት ወረቀት በደስታ ሰጠችው።

የቤታቸው የንስሐ አባት ቀሲስ ባስልዮስ ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሳምንቱን ሙሉ የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልሱበት ቫን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቀሲስ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት።

«ሁለቱን ሰንበት ማክበራችን እውነት ነው» አሉ። «አንተ ግን ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?»

ለንስሐ አባት አይዋሽም። መንገሻ ስለ ጥሩምባው፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ሰላምታው፣ ዘንድሮ የመጨረሻ ስለመሆኑ አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። ሲናገረው ለራሱ ጆሮ የሕፃን ነገር መሰለውና አፈረ። ቀሲስ አልሳቁም። ወረቀቱን በአራት አጠፉት።

«እኔ ራሴ ቅዳሜ መሪ ጨብጬ ነው የምውለው። ይሁን፣ እሱንስ ልተወው። ይህን ብፈርም፣ አንተ እኔ ዘንድ መጥተህ ትናዘዛለህ። እኔስ ወዴት እሄዳለሁ?»

ቀሲስ ወረቀቱን መለሱለት፤ ሊለያዩ ሲሉ ጨዋታው በየትኛው ቻናል እንደሚታይ ጠይቀው ስልካቸው ላይ ጻፉት። ሰኞ መንገሻ ሴትየዋ ጋ ደውሎ ቅዳሜ እችላለሁ አላት።

ለዊንታ ሥራ ማግኘቱን ነገራት። ቅዳሜ እንደሚሠራ አልነገራትም። በኋላ እነግራታለሁ እያለ ጥቅምት አለፈ።

መጋዘኑ አንድ ጫፍ ላይ ቆመው ሌላውን ጫፍ የማያዩበት ነው። የእጁ አንጓ ላይ የታሰረች መሣሪያ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛውን ካርቶን እንደሚያነሣ፣ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ትነግረዋለች። ስልክ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። በእረፍት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ነው የሚያሳየው። በሁለተኛው ሳምንት፣ መንገሻ ሳንድዊቹን እየበላ ሳለ፣ ካሜራው ሙዚቀኞቹን ጠረግ አደረጋቸው፤ እሱም እንደ ልማዱ ብድግ አለ። ከአጠገቡ ቆሞ ወንበር ሲጠብቅ የነበረ ሰው ምሳውን የጨረሰ መስሎት ቦታው ላይ ተቀመጠ። መንገሻ የቀረውን ሳንድዊች ቆሞ በላ።

የመጨረሻው ጨዋታ ታንክስጊቪንግ ከሚባለው የምስጋና በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ማታ ዊንታ ደወለች።

«አባዬ፣ በዚህ ጌም እኛን የምንመረቀውን ሲኒየሮች ያሳያሉ፣ ዳይሬክተራችን ነግሮናል። ማለቴ፣ ካሜራው ሹር እኛ ጋ ይመጣል። ሶ ሬዲ ሁን፣ ኦኬ?»

አሁን መንገር ነበረበት። አፉን ከፈተ፤ የልጁ ድምፅ ደስታ ሞልቶታል። ሬዲ ነኝ አላት።

ሐሙስን በዓል ነው ብለው ዘጉ፤ ዓርብ ሱፐርቫይዘሩን ለቅዳሜ ፈቃድ ጠየቀው። ሱፐርቫይዘሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ አዘነለት። የገና ዕቃ የሚጎርፍበት ወቅት ነው፣ ፈቃድ የለም። ዘጠና ቀን ያልሞላው ሠራተኛ ደግሞ አንድ ቀን ከቀረ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያሰናብተዋል። እረፍቴን እንኳ ቀይርልኝ አለው። እረፍት የሚመድበውም ኮምፒዩተሩ ነው። መንገሻ ሰው ቢያገኝ ሊለምን፣ እግር ላይ ሊወድቅ ዝግጁ ነበር። ኮምፒዩተር እግር የለውም። አሞኛል ብሎ መቅረትም አሰበ። የዓለምጌጥን እግር በጨው ውኃው ውስጥ አየና ተወው።

ቅዳሜ ጨዋታው በአሜሪካኖቹ ሰዓት አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሁለት ተኩል ላይ ተጀመረ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ ወደ እረፍት ክፍሉ ሮጠ፤ ፒክአፕ ጭቃ ውስጥ ይጋልባል። ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሄደ፤ አንድ ሰው ከሚቃጠል ሕንፃ ላይ ሲዘል አገኘው። በቃሉ የሚያውቀው ማስታወቂያ ነው፤ ሰውየው መሬት ከደረሰ በኋላ ሚስቱን ፈልጎ ያገኛታል፣ ከዚያ የሚወጣበት ቀን ይጻፋል፣ ያልቃል። እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ሲያልቅ የኢንሹራንስ መጣ። አንጓው ላይ ያለችው መሣሪያ ቀይ መብራት ታበራ ጀመር። ሲመለስ ሱፐርቫይዘሩ መደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ጠበቀው፤ ደህና ነህ ወይ አለው። ደህና ነኝ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ መሄድ አልቻለም። ታችኛው መደርደሪያ ሥር ጎንበስ ብሎ ካርቶን እየጎተተ ልቡ ብቻ ሲሮጥ ቆየ።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ እረፍቱ ደረሰ። ስልኩን ከሎከሩ አውጥቶ የእረፍት ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አሥራ አንድ መልእክት አለ። የመጀመሪያው የዓለምጌጥ ነው፤ ከአሮጊቶቹ ጋር ሆና ማየቷን፣ አሮጊቶቹም አብረው ማልቀሳቸውን ጽፋለች። የማኅበራቸው ሰዎች፣ የጎረቤት ሰዎች፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ እንዴት ታምራለች፣ ካሜራው ስንት ጊዜ ቆየባት ብለዋል። አገር ሁሉ አይቷታል። የመጨረሻው የቀሲስ ባስልዮስ ድምፅ ነው።

«መንገሻ፣ ኤርፖርት መንገደኛ እየጠበቅሁ አየኋት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ አለች። አንተ እንደማትኖር ስለማውቅ፣ ሰው እያየኝ ብድግ አልኩላት።»

መንገሻ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ መቶ ሰው ሳንድዊች በሚበላበት ክፍል ውስጥ ማልቀስ አይሆንለትም፤ ወደ መሬት አየ። ስልኩ እጁ ላይ ነዘረ። ዊንታ ናት፤ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሙዚቀኞቹ ትንሽ እረፍት አላቸው።

«አባዬ፣ አየኸኝ?»

ከኋላዋ የስታዲየም ሙሉ ሰው ይጮኻል።

«አየሁሽ፣ የኔ ልጅ።»

«ብድግ አልክ?»

ከጧት ጀምሮ የቆመባቸው ጉልበቶቹ ይጠዘጥዙታል። ከእረፍቱ ገና ስድስት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

«ብድግ አልኩ እንጂ» አላት፤ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ አግዳሚውን ተደግፎ ብድግ አለ። አጠገቡ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረ ሰው፣ የጨረሰ መስሎት፣ አመስግኖ ቦታው ላይ ተቀመጠ።