በቀውላላው እግር ልክ

ልብስ ሰፊዋ አንዱን ለክታ ለሌላው ሰፍታ አታውቅም። ደንበኛ መጥታ «ቁመቴ እንደ እህቴ ነው፣ በሷ ልክ ስፊልኝ» ብትላት እንኳ «እህትሽ ትከሻ አላት፣ አንቺ የለሽም፤ ነይ ቁሚ» ትላለች። አፏ እንዲህ ነው፤ የሰፋችው ልብስ ግን ማንንም ቅር አሰኝቶ አያውቅም። እንግዲህ ይህችው ባለአፍ ሴት ናት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ልክ በተሠራ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ኖራ ትንፍሽ ያላለችው።

ደረጃውን የሠራው ባሏ ነው። ግንበኛ ነው፤ በር በገባ ቁጥር ጎንበስ ማለት የለመደ ረጅም ሰው ስለሆነ ሰፈሩ «ቀውላላው» ይለዋል። የተዋደዱት ከከተማው ጀርባ ባለው ተራራ ላይ ነው። ያን ጊዜ እሱ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ እሷ አክስቷ ዘንድ ይኖሩ ስለነበር፣ ለብቻቸው የሚያወሩበት ቦታ ከተራራው መንገድ በቀር አልነበራቸውም። ከተጋቡ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣቱን አልተዉትም። አንድ ዓመት ጎርፍ መንገዱን ሲቦረቡረው ቀውላላው ቆሞ አየና «እኛን የዳረን ይሄ መንገድ ነው፤ ሲፈርስ ቆመን ብናይ ነውር ነው» አለ። በሳምንቱ ዶማና አካፋ ተሸክመው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የሥራ ቀን ሆነ። ዝናብ ሲጀምር ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እነሱ ጃንጥላ ይዘው ወደ ተራራው። ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ የሚታየው ሲዘንብ ብቻ ነዋ! ጎረቤት «ለየላቸው» አለ። እነሱ ግን ውሃው የመረጠውን አይተው በማግሥቱ ቦይ ይቆፍሩለታል።

ቀጥ ያለው አቀበት ላይ ደግሞ ቀውላላው በድንጋይ ደረጃ ሠራ። ትንሹን ድንጋይ ጎርፍ ይወስደዋል ብሎ ትልልቁን መረጠ። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ! አንዱን በጨረሰ ቁጥር ራሱ ይወጣበትና «ቆንጆ!» ይላል። እሷም ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ከኋላው እየወጣች «ቆንጆ ነው» ትላለች። መጀመሪያ ደስታውን ላለማበላሸት ነበር። ከሃምሳኛው በኋላ ደግሞ አሁን ብናገር ምን ዋጋ አለው አለች። ደረጃው ሲያልቅ ነገሩ ሆድ ይፍጀው ሆኖ ቀረ። ሌሎች ሰዎች ከደረጃው ሥር ደርሰው፣ ቀና ብለው አይተው ሲመለሱ ቀውላላው «ስንፍና!» ይላል። እሷም ትስቃለች።

ዘንድሮ ግራ ጉልበቷ አበጠ። የስፌት መኪናውን መርገጥ ሲያቅታት ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟ እግሯን አጥፋ ዘርግታ ካየች በኋላ «ከፍ ያለ ደረጃ ይወጣሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አልፎ አልፎ።»

«ወይ ደረጃውን ይተዉ፣ ወይ ጉልበትዎን።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ግን ደበቀች። አንድ ቅዳሜ የሙሽራ ልብስ አጣደፈኝ አለች፤ በሚቀጥለው ራሴን አመመኝ፤ በሦስተኛው እንግዳ ይመጣብኛል። በአራተኛው ቀውላላው በሩ ሥር ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ አሰረና መልሶ ፈታው።

«ሰለቸሁሽ እንዴ?» አለ ቀና ሳይል። «ያንን መንገድ ከጠላሽ እኔንም ጠልተሽኛል ማለት ነው። ንገሪኝና ልወቀው።»

አንጀቷን በላው። ብትናገር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልፋቱን ማፍረሷ ነው። ዝም ብትል ተራራውም ባሏም ሊያመልጧት ነው።

«ለሰው ቤት ደረጃ ስትሠራ የአንዱ ከፍታ ስንት ነው?» አለችው።

«አሥራ ሰባት ሳንቲም። አሁን ይሄን ምን አመጣው?»

«ለምን አሥራ ሰባት?»

«ከዚያ ከበለጠማ ሰው ይደክመዋል፤ ሕፃን አይወጣውም፣ ሽማግሌ…»

«የኛስ?» አለች በቀስታ።

ቀውላላው ሜትሩን ይዞ ወጣ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ኩም ብሎ ተመለሰ። «ሠላሳ አራት» አለ። «አንዳንዱ ሠላሳ ስምንት።» ከዚያ ቱግ አለ፦ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ለባዕድ ሰው ትከሻ የለሽም የምትዪ ሴት፣ ለባልሽ ሲሆን አፍ አጣሽ?»

«ደስ ብሎህ ነበራ።»

«እኔ ደስ ይበለኝ ብለሽ አንቺ ልትሰበሪ ነው?» ይጮህ ነበር፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶታል። ሁለት ቀን ተኮራረፉ።

በሦስተኛው ቀን ቀውላላው መዶሻውን አንሥቶ ሄደ። የድሮውን ሳያፈርስ በየሁለቱ ድንጋይ መካከል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እያስገባ ከፍታውን ለሁለት ይከፍለው ጀመር። ወራት ፈጀበት። እብጠቱ ሲጎድል ሐኪሟ ዝቅ ባለው ደረጃ ቀስ እያለች እንድትወጣ ፈቀደችላት፤ እሷም እየሞከረች «ይሄ ከፍ ብሏል፤ ያኛው ይነቃነቃል» ማለት ጀመረች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን በጥቂት ወራት አወጣችው ማለት ይቻላል። ቀውላላው «እሺ» እያለ ይነቅላል፣ ይተክላል።

ሥራው ባለቀ በሁለተኛው ቅዳሜ ባልና ሚስት ሲወጡ፣ ከላይ ሜዳው ላይ አንዲት እናት በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኟቸው። ከተራራው ግርጌ የሚኖሩ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው።

«እማማ! እንዴት ወጡ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«በእግሬ ነዋ!» ብለው ሳቁ። «እዚህ ሰፈር ከገባን አሥራ ሁለት ዓመታችን። እኔና ባለቤቴ ስንት ጊዜ ከድንጋዮቹ ሥር ደርሰን ተመልሰናል መሰላችሁ! አንድ ቀን እንወጣዋለን ይለኝ ነበር፤ ሳይደርስለት ሞት ቀደመው።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። እነዚያ ቀና ብለው አይተው የሚመለሱት፣ ስንፍና እየተባለ የተሳቀባቸው፣ እንደ እማማና ባለቤታቸው ያሉ ሰዎች ነበሩ። ምክንያታቸውን ከባሏ ይልቅ የምታውቀው ደግሞ እሷ ነበረች።

ቀውላላው ባርኔጣውን አወለቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«የሱ ብቻ አይደለም» አለች ሚስቱ።

እማማ ግን አልሰሟቸውም። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ከታች ካሉት ጣሪያዎች መካከል አንዱን ይፈልጉ ነበር።

«ያቺ ናት መሰለኝ» አሉ፣ «ሰማያዊዋ። እሱ ነው የቀባት፤ ከላይ ስንሆን እንድንለያት።»