እህቴ አድሃሪ የተባለችበት የንባብ ፈተና

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በተጧጧፈበት ወቅት ነው። ያኔ አዋሽ ከተማ ነበርን። ይህን ያህል ዘመን አልፎ እንኳ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ታላቅ እህቴ ዘይነባ ከወሎ መጥታ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት ከፍታ ነበር። እኔን ያሳደገችኝ፣ ትምህርት ቤት ያስገባችኝም እሷ ናት። ቀን ስትሠራ ትውልና አመሻሹ ላይ ቀበሌ ሄዳ ትማራለች። መቅረት አይቻልም። የንባብ ፈተናውን ያላለፈ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም ተብሏል። ያለ ስኳር ደግሞ ምን ሻይ ቤት አለ?

ዘይነባ ብልህ ሴት ነበረች። ፊደል ግን አልያዝላት አለ። “ትናንት የለየሁት ዛሬ አይቼው የማላውቀው ይሆንብኛል” ትላለች። አስተማሪው “ልብሽ ገበያ ነዋ!” ይላታል።

ሲጨንቃት የምታውቀውን መንገድ ያዘች። በልጅነቷ ቁርአን የቀራችው ሼኹን እየሰማች በቃሏ ነው። የመሠረተ ትምህርቱን መጽሐፍም እኔ እያነበብኩላት ከዳር እስከ ዳር ሸመደደችው። ማታለል መሆኑ በሐሳባችንም አልመጣም፤ እኛ ዘንድ መቅራት ማለት በቃል መያዝ ነው።

የፈተናው ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ ካድሬው መጽሐፉን መሃሉ ላይ ገልጦ ሰጣት። እሷ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አንበለበለችው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ካድሬው አልሳቀም። “በአብዮቱ ታላግጫለሽ? አንቺ አድሃሪ!”

“ወላሂ ጓድ፣ አላላገጥኩም። የተማርኩት እንዲህ ነው።”

ማን ሰምቷት! ስኳር ተከለከለች። ብዙም ሳይቆይ ሻይ ቤቱ ተዘጋ፤ እህቴም መልካ ወረር ወርዳ ጥጥ ለቃሚ ሆነች። እስክትሞት ድረስ “እኔ እኮ ደንቆሮ ነኝ” እንዳለች ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አሁን የምኖረው ሰመራ ነው። የልጅ ልጄም ፊደል አስቸገራት። አዲስ አበባ ወስደን ያሳየናት ባለሙያ ችግሩ ዲስሌክሲያ እንደሚባል፣ ከስንፍናም ከጅልነትም ጋር እንደማይገናኝ፣ ለእሷ በሚስማማ መንገድ ካስተማሯት ማንበብ እንደምትችል ነገረችን። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ለካስ ስም ያለው ነገር ነው!

በቀደም ደግሞ መምህሯ ክፍል ፊት አቁሞ “ደደብ” እንዳላት ሰማሁ። ሻሼን እንኳ በወጉ ሳላስር ትምህርት ቤት ሄጄ ጮህኩበት።

“እናቴ፣ ኧረ ቀስ ይበሉ፤ ልጆቹ ይሰማሉ” አለኝ።

ይስሙ እንጂ! እሷን ሲሰድባት ጆሯቸውን ደፍነው ነበር እንዴ? ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።