ከወንፊቱ ላይ የቀረው

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «አጥማቂው» ነው የሚሉት። ሥራው ጓል ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ከእርሻ የመጣ ደረቅ ጓል ወንፊት ላይ ያስቀምጣል፤ አንዲት ትንሽ ሞተር ወንፊቱን ገንዳ ውስጥ ታጠልቀዋለች፣ መልሳ ታወጣዋለች። ደካማው ጓል ሟሙቶ በቀዳዳው ያልፋል። ጠንካራው ይቀራል። የቀረውን አድርቆ ይመዝናል። አፈሩ ዝናብ ሲወርድበት ተያይዞ ይቆይ ወይስ ጭቃ ይሁን የሚታወቀው በዚህ ነው።

«ዛሬስ ስንት ክርስትና አነሳህ?» ይሉታል ባልደረቦቹ ምሳ ሰዓት ላይ።

«ሦስቱ ካዱ» ይላል። ከዚህ የረዘመ ነገር ሲናገር የሰማው የለም።

ቤትም ያው ነው። ሚስቱና አማቱ የሚያወሩት ለሦስት ሰው ስለሚበቃ እሱ መናገር አላስፈለገውም። አማቱ ገበታ ላይ «አፈር ስሆን፣ ጨምር» ሲሉት ሚስቱ ትቀበላለች፤ «የትኛውን አፈር፣ እማዬ? እሱ እንደሆነ ሳይለካ አይበላም።»

አማቱ ንጽሕና ያበዛሉ። ቤቱን ጠርገው ሲጨርሱ ደጁን፣ ደጁን ሲጨርሱ የጎረቤትን ደጅ ይጠርጋሉ። ከሕንፃው ጀርባ ካለው የጋራ መሬት አንዲት ጥግ ደርሳቸዋለች። ካሮት ይዘሩባታል። ዘሩባት ማለት ይሻላል፤ ሁለት ጊዜ ተዘርቶ ሁለት ጊዜ ቀረ። ጥፋቱን መጀመሪያ ዘር ሻጩ ላይ፣ ቀጥሎ የፀጉር አስተካካዩ ድመት ላይ አላከኩት። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ጥጓን ለራሱ ይፈልጋት ነበር። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ ቁርጡን ነገሯቸው።

«በሚቀጥለው ስብሰባ አረንጓዴ ነገር ካላየን ቦታው ለሱ ነው። ምን ላድርግ፣ እትዬ።»

አማቱ ያን ዕለት ሳይጠርጉ ዋሉ። በዚያ ቤት ይህ ከለቅሶ ይቆጠራል።

«የአፈር ሰው ነኝ ትላለህ፣ አንድ ነገር አድርግ እንጂ» አለችው ሚስቱ።

«ከጥጓ አንድ ጭብጥ አፈር ይላኩልኝ» አለ።

አማቱ አልላኩም፤ ራሳቸው ይዘው መጡ። የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሙ። ከቦርሳው ክዳን ያላት ቆርቆሮ አወጡ። አጥማቂው ከፈታት። አፈሩ እንደ ዱቄት የላመ ነበር። ጣቱን ሰደደበት። ጓል ቀርቶ ፍርፋሪ የለም።

«እማማ፣ ጓሉስ?»

«የምን ጓል?»

«አፈሩ ውስጥ የነበረው።»

«ነፍቼ ጣልኩታ። አማቼ ቢሮ ቆሻሻ ይዤ ልግባ? ሰው ምን ይልሃል?»

ባልደረቦቹ ወደ መስኮቱ ዞረው ሳቃቸውን ዋጡ። አንዱ ግን አልቻለም፤ «ለዳቦ ነው ለኬክ?» አለ።

አጥማቂው አልሳቀም። «ለዛሬ ብቻ ነው የነፉት፣ ወይስ…»

«ምን ማለትህ ነው? ሳልነፋ ዘርቼ አውቃለሁ? መሬትም እንደ ዱቄት ነው፤ ካልነፉት ምን ይረባል።»

ነገሩ ያኔ ገባው። የከበደው መናገሩ ነው። እኚህ ሴት ልጃቸውን ሊያገባ የመጣውን ሁሉ ነፍተው ነፍተው እሱን ያስቀሩ ናቸው። ወንፊታቸውን መንቀፍ ራስን መንቀፍ ነው።

ስለዚህ በእጁ ተናገረ። ዱቄቱን ሰሃን ላይ አድርጎ ውሃ አርከፈከፈበት፣ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ከተተው። አማቱ ተቀምጠው ጠበቁ፤ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ጠረጴዛውን ወለወሉለት። ሰሃኑ ሲወጣ አፈሩ አንድ ወጥ ቅርፊት ሆኗል። አጥማቂው በጥፍሩ መታው። ኳ ኳ አለ።

«ውይ ሲያምር፣ ሸክላ ሆኗል እኮ» አሉ አማቱ።

«ካሮቷ ይህን ሰብራ ነው መውጣት ያለባት፣ እማማ።»

አማቱም በተራቸው አንኳኩት።

ከዚያ ሞተሯ ጋ ወሰዳቸው። ከአንድ ገበሬ ማሳ የመጣ ጓል ወንፊቱ ላይ ነበር። ይጠልቃል፣ ይወጣል፣ ቅርፁን ግን አልለቀቀም።

«እኛ ጋ የሚፈለገው ያለፈው አይደለም፣ የቀረው ነው» አላቸው። በሥራ ዘመኑ ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

«ወጥ ቤትና መሬት አይገናኙም በለኛ።»

«አይገናኙም።»

«እና እስከ ዛሬ ዝም ብለህ ታየኛለህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«አንተስ ማን ጠይቆህ መልሰህ ታውቃለህ።»

ለሦስተኛው ዘር ወንፊቱ ወጥ ቤት ቀረ። ትልልቁ ጓል በእጅ ፈረስ ፈረስ ተደረገ እንጂ አልተነፋም፤ የረገፈ ቅጠልም ተጨመረበት። መሬቷ መጎርበጧ አማቱን አመማቸው። ፀጉር አስተካካዩ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«ዘንድሮ ደከሙ መሰለኝ፣ እትዬ፤ ሳይነፉት ቀሩ።»

«አማቼ ነው የከለከለኝ። የተማረ ነው» አሉ፤ «የተማረ» የሚለውን እንደ በሽታ ስም አድርገው።

ሰብሳቢው በስብሰባው ቀን ሲመጡ ከጓሎቹ መሃል እንደ ፀጉር የቀጠነ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። ሳሳ ያለ ነው፣ መስመሩም ጠማማ። ጎንበስ ብለው አዩ፣ መነጽራቸውን ወልውለው ደግመው አዩ።

«ይቺ እንግዲህ አረንጓዴ ናት» አሉና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞሩ። «አንተ ድመትህን እሰር።»

ካሮቱ ሲነቀል ከጓል ጋር ሲጋፋ ያደገ ነውና አብዛኛው እግር አውጥቷል። አንዱማ ቁርጥ ሱሪ የለበሰ ሰው ነው የሚመስለው። አማቱ እሱን መርጠው ሁለት ጊዜ አጠቡና ማታ ገበታ ላይ በአጥማቂው ሰሃን ውስጥ አኖሩት።

«ሮጦ ሳያመልጥ ብላው። አፈር ስሆን።»

«ጓል ይሁኑልኝ» አለ ቀና ሳይል።

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እቤት ውስጥ ሲቀልድ ሰምታው አታውቅም። አማቱ ግን አልሳቁም፤ አሰቡበት።

«ውሃ የማይፈታውን?»

«የማይፈታውን።»

«እንግዲያስ ጨምር» አሉና ሌላ ባለ እግር አኖሩለት።