ያልሰማሁት ግዝት

የበደለችኝ የአባቴ እህት ዘነበች ናት። ጊዜው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ አራተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው፤ ቦታው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በር ነው። በአገራችን የአባት እህት አንቱ ትባላለች። እኔም በሕይወት ሳለች አንቱ እያልኳት ኖሬአለሁ። አሁን እሷ ሞታለች፣ እኔንም የሚቆጣ ታላቅ አልቀረልኝም፤ ስለዚህ እሷ እያልኩ እጽፋለሁ።

ለመጻፍ አላሰብኩም ነበር። ደብረ ብርሃን ከገባሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ፣ የሚያውቁኝም ስለ ልጅነቴ እንደማላወራ ስለሚያውቁ አይጠይቁኝም። ባለፈው በዓል ማግስት ግን የግቢ ጎረቤቴ የበጉን ጭንቅላትና እግር ሊለበልብ ወጣና፣ እንጨት አልቆበት ይሁን ሰንፎ እንጃ፣ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ለኮሰ። ጥቁሩ ጭስ በግንቡ ሥር ተጎትቶ በመስኮቴ ገባ። ጎረቤቴ ደግ ሰው ነው። «እማማ አስካለ፣ ምላሱ የእርስዎ ነው!» ብሎ ጮኸልኝ። መስኮቱን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ምላሱን አልበላሁለትም።

ያደግኩባት መንደር ከመሐል ሜዳ ወደ ገደሉ በሚያወርደው መንገድ፣ ዙሪያውን በአፋፍ በተከበበ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነበረች። አፋፉ ላይ ያሉት ሰዎች በኅዳር ውርጭና ነፋስ ሲገረፉ እኛ ከታች ሆነን እናዝንላቸው ነበር፤ ነፋስ የማያገኘን እግዚአብሔር በመዳፉ ስለያዘን ነው እንል ነበር። ገብሳችን ከእነሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ የበጎቻችንም ጸጉር ይረዝማል። ከመንደሩ ራስጌ ደግሞ ድንጋይ እየተቃጠለ ኖራ የሚወጣበት ፋብሪካ ነበር። በወረቀት ላይ ፋብሪካ ይባል እንጂ አንድ የቆርቆሮ መጋዘንና ሁለት ከቤት የሚበልጡ የድንጋይ ምድጃዎች ነበሩ፣ እኛም «ምድጃው» ነበር የምንለው። አባቴ እዚያ እሳት ጠባቂ ነበር። ቅንድቡና ሪዙ ሁልጊዜ በኖራ ነጭ ስለሆነ ገና ጎልማሳ ሳለ ሕፃናት መንገድ ላይ አግኝተውት ጉልበቱን ሊስሙ ይጎነበሱ ነበር፣ እሱም ሳያርማቸው መርቋቸው ያልፍ ነበር።

እናቴን አላውቃትም። ቤቱን የያዘችው ዘነበች ነበረች። ሥራ ታውቃለች፣ አልዋሽም፤ ቤታችን ተርቦ አያውቅም። ፍቅር የሚባለውን ያገኘሁት ግን ከአጥሩ ማዶ ከምትኖረው ከእማማ ብርነሽ ነው። እማማ ብርነሽ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጸጉር ስትፈትል ከጎኗ ታስቀምጠኝ ነበር ማለት ይቀናኛል፣ እውነቱ ግን እኔ ነኝ ከጎኗ የማልነሣው። ቤቷ የእርጥብ ጸጉርና የአሬራ ሽታ ነበረው። እንዝርቱን ሰጥታ ታስሞክረኝና ክሬን ወደ ብርሃን አንሥታ እያየች፣ «ልጄ፣ ይኼ ክር የመምሬን ስብከት ይመስላል፤ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል» ትለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያን ቀን የተማርኩትን ፊደልና ቁጥር ሁሉ ታስደግመኝ ነበር። እሷ አንዱንም አታውቀውም፣ ግን ስሳሳት ከፊቴ ታውቅብኝ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ መንደሩ ሁሉ በሽታን ለማባረር ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ማለት ይኼ ነው። ያን ዓመት በበዓሉ ቀን አባቴ ሥራ ላይ ስለነበር ዘነበች ምሳ አስይዛ ላከችኝ። ምድጃው ዘንድ ስደርስ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አሮጌ ጎማ ያራግፋል። ጎማ በልጅነቴ በመኪና እግር እንጂ እንዲያ ተቆልሎ አይቼ አላውቅም። በጥቁር ዘይት የተለቀለቁ በርሜሎችም ነበሩ። አባቴና አንድ ሌላ ሠራተኛ ጎማውን እያንከባለሉ ወደ እሳቱ ይከታሉ፣ ኃላፊው ደግሞ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከሩቅ ያዛል። የማገዶ እንጨት አልቆባቸው፣ የታዘዘው ኖራ ግን መድረስ ስላለበት መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። አባቴ ሲያየኝ ደነገጠ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀ። «ዛሬ ሁሉም ያጥን የለ? የእኛ ጭስ ከእናንተ ጭስ በምን ይለያል?» አለኝ። ምሳውን ተቀበለና ሌላ ጊዜ እንደሚያደርገው ከድርሻው ሳያጎርሰኝ ሰደደኝ።

ጭሱ አልወጣም። እንደ ሌላው ጊዜ ወደ ላይ ተነሥቶ አፋፉን ይሻገራል ስንል፣ ውርጩ ከላይ የተጫነው ይመስል ተመልሶ ወረደና በቅል እንዳለ እርጎ ጎድጓዳችን ውስጥ ረጋ። ምድጃው በማግስቱም አልጠፋም፣ በሠልስቱም እንደዚያው። አጨዳው ያላለቀው ገብስ ጠቆረ፣ በጎቹ ተቃቅፈው ያስሉ ጀመር፣ የሰው ዓይን ቀላ። መንደሩም የአባቶቹን መድኃኒት ፈለገ። የኅዳር በሽታ ገብቷል፣ አጥነነው አልጠገበም ተብሎ በየቤቱ እንደገና ይታጠን ጀመር፤ ኩበቱ፣ አሮጌው ሣር፣ የወይራ ቅጠሉ። ሕፃናትና ሕመምተኞች ብርድ እንዳይመታቸው በር ተዘግቶባቸው ከነጭሱ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ይህን የሚያደርጉት ስለሚወዷቸው ነው። እማማ ብርነሽን ሦስት ሴቶች ደግፈው በወይራ ጭስ ላይ ሲያጎነብሷት በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። በማግስቱ ሞተች። ከእሷ ሌላ ሁለት ጨቅላ ሕፃናትና አንድ ሽማግሌ ሞቱ፣ የሞተውን በግ ግን የቆጠረው የለም።

ከቀብር ስንመለስ ለዘነበች ነገርኳት። አባባ ጎማ ሲያቃጥል አይቻለሁ አልኳት። እጇን ታጥባ ነበርና በእርጥብ መዳፏ አፌን ያዘችኝ።

«የምን ጎማ? ኅዳር ነው የታጠነው።»

«ኧረ አይቻለሁ እትዬ፣ በመኪና—»

«ለእኔም አትንገሪኝ! እኔም አልሰማሁ፣ አንቺም አላየሽ። አባትሽን ከዕድር ሊያስወጡልሽ ነው? ሲሞት የሚቀብረው ሰው እንዳያገኝ ነው?»

በመጨረሻ ነፋስ መጣና ጭሱን ወሰደው። ከምድጃው አመድ ውስጥ ግን የጎማ ሽቦ ተገኘ፤ ልጆች ለቅመው መኪና ሲሠሩበት አባቶቻቸው አይተው ነጠቋቸው። ኃላፊው ለሽማግሌዎቹ የተቃጠለው እንጨት ብቻ ነው፣ ሽቦው ከድሮ የቀረ ነው አላቸው። አባቴም እንጨት ነው አለ። ሽማግሌዎቹ ሽቦውን በእጃቸው እንደያዙ ተመለሱና የሚካኤሉን ቄስ መምሬ ጸጋን ግዝት ጠየቁ። በእኛ አገር ሰው ከፖሊስ ይልቅ ግዝት ይፈራል። ያየ እንዲናገር፣ አይቶ የደበቀ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ እንዲሆን በመስቀል ፊት ይታወጃል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ያለ ሰው እህሉም ከብቱም አይባረክለትም። አንድ ቀዳዳ ግን አለው፤ በጆሮው ያልሰማውን አይይዘውም ይባላል።

ዘነበች ይህችን ቀዳዳ ታውቃት ነበር። አባቴን የታመመ ዘመድ ጠይቅ ብላ ቅዳሜውን ቀየት ወደሚባል አገር ሸኘችው። ለራሷ ከእማማ ብርነሽ የተረፈውን የበግ ጸጉር ጠቅልላ በሁለት ጆሮዋ ወተፈች፣ በላዩ ሻሽ አሰረች፣ በሻሹ ላይ ነጠላ ተከናነበች። መንገድ ላይ እንደምን አደርሽ ለሚሏት ሁሉ «አዎ፣ ደህና ከርሟል» እያለች ስትመልስ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። ሰው ግን ሐዘን ነው ብሎ ዝም አላት። ለእኔ ጆሮ የሚሆን ጸጉር አላመጣችም፣ ጸጉሩን እንደማወጣው ታውቃለች። ለእኔ ሌላ ነገር አዘጋጅታ ኖሯል።

የቅጥሩ በር ላይ ስንደርስ ሴቶቹ ተሰብስበው ባሉበት ክንዴን ያዘችና፣ ጆሮዋ የተደፈነ ሰው እንደሚያደርገው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አንቺስ ቁሚ! ዛሬ አትገቢም። ልማደ አንስት ደርሶባታል፣ ገና ዛሬ ጠዋት አየች» አለች።

ምንም አላየሁም ነበር። ያን ዓመትም፣ የሚቀጥለውንም ዓመት አላየሁም። ግን የትልቅ ሰው ቃል እያለ የልጅ ቃል ማን ይሰማል? ሴቶቹ ከበቡኝ። አንዷ «እሰይ፣ ለአቅመ ሔዋን ደረስሽ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ሌላዋ «ቀጭን ናት እንጂ ቁመቷስ ደርሷል» አለች፤ እንደ ገበያ ጥጃ ዙሪያዬን አዩኝ። ከዚያ ሁሉም ገቡና ብቻዬን ከቅጥሩ ውጭ ከአንድ ጽድ ሥር ቀረሁ። ከውስጥ የመምሬ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ከእኔ ጋር የቀረው ቤተ ክርስቲያን የማይገባ አንድ ውሻ ብቻ ነበር።

ውሸቱ ግን እዚያ በር ላይ አልቀረም። የደረሰች ልጅ ከወንዶች ጋር አንድ ወንበር ላይ አትቀመጥም ተብሎ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ወሬው አፋፉን ተሻገረና የጥምቀት ሳምንት ሳይመጣ ከግሼ ሽማግሌ ተላከ። ዘነበች አልደረሰችም ብላ ብትመልሳቸው፣ ያን ቀን ለምን ከደጅ አቆምሻት የሚል ይመጣል። ስለዚህ እሺ አለች። አባቴ ነገሩን ሲሰማ እኔን አላየኝም፤ የኖራ ጫማውን እያወለቀ «ይሁን» አለ። እኔን ለመስጠት የወሰደበት ጊዜ ያንን ጫማ ከማውለቅ አይበልጥም። ይህን ስል የምጠላው እንዳይመስል፤ አልጠላሁትም። ፈርቶ ነበር፣ ፈሪ ሰው ደግሞ ከፊቱ ያለውን ልጅ አያይም።

ለሠርጉ ጌሾ ሲወቀጥ ከቤት ወጥቼ መምሬ ጸጋን ፈለግኳቸው። አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘሩ አገኘኋቸው፣ ጢማቸው ገለባ ለብሷል።

«መምሬ፣ ያን ቀን ያወገዙትን አልሰማሁም። ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ያልሰማሽው ምን ጎደለብሽ? ግዝት ቆሎ አይደል፣ ለመጣ ሁሉ አይዘገንም።»

«ለእኔ ይንገሩኝ።»

መንሹን ተደግፈው አዩኝ። «ልጄ፣ ከሰማሽ ይይዝሻል።»

«ይያዘኝ።»

መንሹን ጣሉ። ከደረታቸው መስቀል አውጥተው ፊታቸውን ወደ ሚካኤል አዙረው ያንኑ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለእኔ ብቻ ደገሙት። ሲጨርሱ ያየሁትን ተናገርኩ፤ መኪናውን፣ ጎማውን፣ በርሜሉን፣ ባለ መሐረቡን ኃላፊ፣ አባቴን። ዘነበች በር ላይ የተናገረችውም ውሸት መሆኑን ነገርኳቸው። መምሬ ገለባው ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያ ይኼን ሁሉ ጠላ ማን ሊጠጣው ነው?» አሉ። ከዚያ አለቀሱ። ከሞቱት ሕፃናት አንደኛው የልጃቸው ልጅ ነበር።

ከዚያ የሆነውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሠርጉ ቀረ፣ ምድጃው ተዘጋ። ኃላፊውን ወደ ሌላ ሥራ አዛውረውት ኖሮ አልተገኘም፤ የተገኘው አባቴ ነው። ታስሮ ተፈታ፣ ምድጃው የሰጠውን ሳል ይዞ ጥቂት ዓመት ኖረ። በእነዚያ ዓመታት አንድም ቀን አላነሣብኝም። ዘነበች ግን እስክትሞት ድረስ ለመጣ ለሄደው «አባቷን አስበልታ ፊደል የቆጠረች» ስትል ኖራለች። ሰውም አመናት፤ ወንድሟ የታሰረባት፣ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ጆሮዋ ውስጥ ጸጉር እንደነበር የሚያውቅ የለም፣ እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቀብሯ ላይ አልተገኘሁም።

ጎድጓዳው አሁን ባዶ ነው። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ አፋፉ ወጣ፣ ወደ መሐል ሜዳም ሄደ፣ ጥሎት የሄደው የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ቀርቷል ይላሉ፤ ሄጄ አላየሁም። እንዝርት ይዤ ስቀመጥ ክሬ ዛሬም ይወፍራል፣ ይበጠሳል። የሚስቅብኝ ሰው ግን የለም። የአባቴ ነጭ ቅንድብ፣ ነፋስ የማያገኘን መዳፍ ላይ ነን የሚለው ኩራት፣ ዘነበችን እትዬ ስላት በልቤ የነበረው ነገር፣ ሁሉም የሄደው በአንድ በጋ ውስጥ ነው። እኔ ባልናገርስ ይቀር ነበር ወይ ብዬ አስቤበታለሁ። አይቀርም ነበር።

አባቴን ሲወስዱት ጠዋት ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሁለት ታጣቂዎች ከፊትና ከኋላ ሆነው በአፋፉ መንገድ ያወጡት ነበር፣ እኔም ደብተሬን ይዤ ተከተልኩ። ዳገቱ ላይ ሳል ያዘውና ቆመ፣ ዘወር ሲል አየኝ።

«ወደ ትምህርት ቤት ነሽ?» አለኝ።

«አዎ አባባ።»

«ሂጂ በይ፣ እንዳይረፍድብሽ።»

እነሱ ወደ መሐል ሜዳ ታጠፉ፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤቱ ታጠፍኩ። አስተማሪው የት ከርመሽ ነው አለኝ። ታምሜ ነበር አልኩት። ቦታዬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣበት ነበር። ተነሺ አልኳት።