የእግር ካሳ

ሰመራ ባለው የግብር ቢሮ የአገልግሎት መስኮቷ ላይ ሆና ሰርክአዲስ አንድ ሽማግሌን በጥርጣሬ ታያቸዋለች። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ተራቸው ሲደርስ ለሌላ ሰው ይለቃሉ። የደበዘዘ የባቡር ሠራተኛ ኮት ለብሰዋል። የሱሪያቸው ግራ እግር ወደ ላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ የቀኝ ጫማቸው ግን እንደ መስታወት ያበራል። ደላላ ይሆኑ? ወይስ ጠቋሚ?

ሰዉ ሲያልቅ በክራንቻቸው እየተደገፉ መጡ።

«ልጄ፣ መኪና ለቆረጠው እግር በተከፈለ ካሳ ላይ ግብር አለ?»

«የለም አባባ። የአካል ጉዳት ካሳ ግብር አይነካውም።»

«ጠበቃዬ ከባለመኪናው ጋር በስምምነት ጨረሰልኝ። የድካሙን አነሳ። ከዚያ ደግሞ ሲሶውን ‹ለግብር ነው› ብሎ ወሰደ።»

«በድካሙ ላይ ያለውን ግብር የሚከፍለው እሱ ራሱ ነው፤ ከእርስዎ ምንም አይነሳም። ከየት ነው የመጡት?»

«ከአዋሽ ሰባት ኪሎ።»

«እዚያው አይጠይቁም ነበር? ይህን ሁሉ መንገድ!»

«እዚያ ጠበቃውን ሁሉም ያውቀዋል።»

አሁን ጥርጣሬዋ ወደ ጠበቃው ዞረ። «ስሙን ይንገሩኝ፣ ይጠየቃል።»

ሽማግሌው የሚያበራ ጫማቸውን ቁልቁል አዩ።

«እኔ ነኝ ያሳደግሁት» አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ግዴለም ልጄ፤ ግብር አለበት በይኝ።»