ያላለቀ ሥራ ሸክፎ መሄድ

ሰው ደህና ጨርቅ በገንዘቡ ገዝቶ፣ ብትንትኑን አውጥቶ ይቆራርጥና መልሶ እየገጣጠመ ይሰፋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ግን በዓይኔ አየሁት። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ከሰዓት በኋላ እስክመልሳቸው ድረስ ሥራ የለኝም፤ ያንን ሰዓት ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነው የማሳልፈው። አንድ ማክሰኞ ከጎን ካለው ክፍል የስፌት መኪና ድምፅ ሰማሁና በሩን ገፋ አድርጌ አንገቴን አስገባሁ። ጥቂት ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ከብበው አዲስ ጨርቅ እንደ ጎመን ይከትፋሉ።

«ለምንድን ነው የምትቆርጡት?» አልኳቸው፣ ሰላምታ እንኳን ሳላስቀድም።

«መልሰን ልንሰፋው ነዋ!» አለችኝ ከሁሉም በዕድሜ የገፋችው፤ ሌሎቹ ሳቁ። መልሱ አላረካኝም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ ልጠይቅ ሄድኩ፤ በዚያው ቀረሁ።

ሥራው ኩዊልት ይባላል። ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ ከላይ ይሆናል፤ መሀሉ ላይ ስስ ጥጥ ይገባል፤ ከሥር ሌላ ጨርቅ ይደረግና ሦስቱ አንድ ላይ ተሰፍተው የአልጋ ልብስ ይወጣቸዋል። የመጀመሪያዬን ልጀምር ስል ያቺ አሮጊት፣ የቡድኑ አስተባባሪ ናት፣ «የምታውቂውን ነገር ሥሪ» አለችኝ። እኔ የማውቀው ጠዋት ነው። በብርዱ ወራት ኬንት ከተማ ካለው ቤቴ ስወጣ ሰማዩ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው። የመጀመሪያውን ልጅ ሳሳፍር ግራጫ ይሆናል። የመጨረሻው ልጅ ሲወርድ፣ ዝናቡ ከራራልን፣ ይነጣል። ስለዚህ ከጥቁር ተነስቶ በግራጫና በሰማያዊ አልፎ ነጭ ላይ የሚያልቅ አድርጌ ቆረጥኩት። ቁርጥራጩን በየቀለሙ ለይቼ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ይህን ሥራ ከቤቴ ሰው ጋር አላወራሁበትም። እስከዛሬ የሰፋሁት፣ ያበሰልኩት፣ ያጠብኩት ሁሉ ለሌላ ሰው ነው፤ ቅር ብሎኝም አያውቅም። ይሄ ግን የእኔ ጠዋት ነው። ከመጀመሪያው ቁርጥ እስከ መጨረሻው ስፌት የሌላ ሰው እጅ እንዳይነካው ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ስስት እንዳለብኝ ራሴም አላውቅም ነበር።

ቡድኑ በየጸደዩ ሪትሪት ይወጣል። ፌሪ በሚባለው ማሻገሪያ መርከብ ተሻግረው፣ አንድ ደሴት ላይ ቤት ተከራይተው፣ ከዓርብ እስከ እሑድ እየሰፉ ይሰነብታሉ። ዘንድሮ እኔም ተጠራሁ። ምን ይዤ ልምጣ ብዬ አስተባባሪዋን ስጠይቃት የነገረችኝ ነገር ሁሉ እንቆቅልሽ ሆነብኝ። የራስሽን ትራስ ይዘሽ ነይ አለችኝ። በእኛ ደንብ እንግዳ የራሱን ትራስ ተሸክሞ ቢመጣ ባለቤቱን መስደቡ ነው። ቤት ውስጥ የሚደረግ ነጠላ ጫማ አለችኝ። ለሁሉም የሚቀመስ ነገር አለችኝ፤ እሱስ ገባኝ፣ ቆሎ ቆላሁ። ከሁሉም የገረመኝ የመጨረሻው ነው። «ያላለቀ ሥራ ይዘሽ ነይ። ዋናው እሱ ነው።»

ሻንጣዬን ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ጎን ከፍቼ ማታ ማታ ጥቂት ጥቂት መሸከፍ ጀመርኩ። ቤታችን ሦስት ሰው ነው ያለው፤ እኔ፣ ባለቤቴና የባለቤቴ እናት። ባለቤቴ በየመጋዘኑ ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ሆድና ጀርባ አይደለንም፤ ግን የምንነጋገረው ስለ ጤና፣ ስለ ምግብና ስለ ብርዱ ብቻ ነው። ሻንጣውን ሲያዩ «የት ልትሄጂ ነው?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «ለስፌት? ሰው ቤት?» አሉና ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ።

በማግስቱ ሻንጣው ውስጥ ጥቁሮቹ ቁርጥራጮች የሉም።

ሻንጣውን ገለበጥኩት። ትራሱን አራገፍኩ። ግራጫው አለ፣ ሰማያዊው አለ፣ ነጩ አለ፤ የጥቁሩ ላስቲክ ብቻ ብን ብሏል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባለቤቴን ነው፤ የመኪናውን መስታወት ለመጥረግ ያገኘውን ጨርቅ የማንሳት አመል አለበት።

«ጥቁር ጨርቅ አይተሃል?»

«እኔ? ኖ! ምን ዓይነት ጥቁር? በፍጹም! እኔ ሻንጣሽ አጠገብ ደርሼ አላውቅም።»

አንድ «አላየሁም» ይበቃው ነበር። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ እየካደኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ግን ጥቁር ጨርቅ ምን ሊያደርግለት? ብናደድም፣ ነገሩ ከንዴቴ በላይ አጓጓኝ። ዝም ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ቀን ነጩ ሄደ። ከዚያ ከሰማያዊውና ከግራጫው ጎደለ። ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ባለቤቴ ራት በልቶ ሲያበቃ እንደወትሮው ስልኩን ይዞ ሶፋው ላይ አይጋደምም፤ የማንበቢያ መነጽሩን ኪሱ ከትቶ ወደ እናቱ ክፍል ይገባል። ይሄ ሰው መነጽሩን የሚያደርገው ከመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ ብቻ ነው። እናትና ልጅ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። አማቴ ታመው ይሆን? ከእኔ የደበቁኝ ሕመም ይኖር ይሆን? እዚህ ላይ ስደርስ ቀልዱ ጠፋብኝ።

ሐሙስ ከራት በኋላ ተከትዬው ሄድኩና በሩን አንኳኩቼ፣ ግቢ እስኪሉኝ ሳልጠብቅ ከፈትኩት።

ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ይታገላል። አማቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጠዋቴ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። ነጩ ከሰማያዊው፣ ሰማያዊው ከግራጫው፣ እንደመጣለት ተጋጥሞ ተሰፍቷል። እጅ ከፍንጅ ያዝኳቸው።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እኔ ክር ብቻ ነው» አለ ባለቤቴ እጁን አንስቶ። «ሶ ምን ላድርግ? እናቴ ናት፤ አትንገራት ስትለኝ...»

ደሜ ፈላ። የእኔን ለምን ነካችሁ ብዬ ልጮህ ነበር፤ ግን በአማት ላይ አይጮህም። ድምፄን ዋጥ አድርጌ «እማማ፣ ይሄ እኮ የእኔ ነው» አልኳቸው።

«ያንቺ ስለሆነማ ነው!» አሉ፣ ጭራሽ እሳቸው ተቆጥተው። «ያላለቀ ነገር በላስቲክ ቋጥረሽ ሰው ፊት ልትወጪ? ምን ይሉሻል? ሰነፍ ናት አይሉም? ቤት ያለችውስ አሮጊት ምን ትሠራለች አይሉም?»

«እማማ፣ ያላለቀ አምጪ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው!»

«ይበሉሻ! እኛስ እንግዳ ስንጠራ "ምንም እንዳታመጡ" እንል የለ እንዴ? ታዲያ ባዶ እጁን የሚመጣ አለ? ለጨዋነት ያሉሽን አምነሽ ልትዋረጂ ነው።»

ፈረንጅ የሚለውን ከልቡ ነው የሚለው ብዬ እንዴት ላስረዳቸው? ጥቁሩንስ ለምን ለይተው እንዳወጡ ጠየቅኳቸው። ከትራሳቸው ሥር ላስቲኩን እንዳለ ስበው አወጡ። «አልጋ ላይ ጥቁር አይነጠፍም። በገዛ እጅሽ ሐዘን ልትሰፊ?» አሉኝ። ጨርቁን ሰብስቤ ወጣሁ።

ዓርብ የፌሪው ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ስለነበር ጠዋቱ በእጄ ነበር። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሥራውን ዘርግቼ መፍታት ጀመርኩ። ስፌት መፍቻ የምትባል ሹል ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ክሩን ጥርቅ ጥርቅ ታደርገዋለች። የአማቴ ስፌት ጠማማ ነው፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን ጠበቅ ያለ ነው፣ እንደዋዛ አይላቀቅም። እሳቸው መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ሁሉንም ልትፈቺው ነው?»

«አዎ እማማ።»

የጨርቁን ሌላ ጫፍ ወደራሳቸው ስበው በጥፍራቸው ክሩን መንቀል ጀመሩ። የራሳቸውን ስፌት። አላስቻለኝም፤ «ተዉት፣ እኔ እፈታዋለሁ። እርስዎ ይረፉ» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ።

«ማረፍ ሰለቸኝ» አሉ። «እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሽንኩርት ልላጥ ስል ይረፉ። ልብስ ልጠፍ ስል ይረፉ። ብርጭቆ ሳነሳ ከእጄ ትቀሙኛላችሁ። እኔ በሽተኛ ነኝ እንዴ? እጄ ምን በድሎ ነው? ጠዋት አንቺ ትወጫለሽ፣ እሱ ይወጣል። እኔ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ የሰው መኪና ሲመጣና ሲሄድ አያለሁ። ያንን ሻንጣ ከፍቼ ያን ሁሉ ቁርጥራጭ ሳይ... ሥራ ነው አልኩ። ሥራ አገኘሁ አልኩ።»

በእኛ ዘንድ ልጇ ቤት ገብታ የምትሠራ እናት የልጆቿ ውርደት ናት። አማቴን ዕቃ አላስነካም እያልኩ ለስንት ሰው እኮራ እንደነበር! አክብሬያቸው ነበር፤ ከልቤ። ከዚያ ክብር ሥር ሴትየዋ ቀኑን ሙሉ ምን ይሆኑ ይሆን ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ስለማላውቀው ሰው ቁርጥራጭ ጨርቅ እንኳን በር ገፍቼ የምጠይቅ ሴትዮ።

ስፌት መፍቻዋን አስቀመጥኩ። ማውራት ጀመርኩ፤ ይሄ ጠዋት እንደሆነ፣ ጥቁሩ ሐዘን ሳይሆን ከቤት ስወጣ የማየው ሰማይ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰሙኝ።

«እሱንማ አውቀዋለሁ» አሉ። «መኪናሽን ስታስነሺ ነቅቼ ነው የምሰማሽ። በሰላም ትመለስ እልና መንጋቱን እጠብቃለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ታዲያ ማን ይንቃልሽ?»

ያንን ጥቁር ሰማይ ብቻዬን የማየው ይመስለኝ ነበር። ከጨርቁ ላይ እጄን አነሳሁ። የተሰፋውን ግማሹን ፈታን፣ ግማሹን ተውነው፤ ጠማማውም እንደጠመመ። ከዚያ ተካፈልን። እኔ ጥቁሩንና ግራጫውን ይዤ ልሄድ፣ እሳቸው ሰማያዊውንና ነጩን ሊገጥሙ። ጥቁሩን በተመለከተ ዝም ብለው አልተሸነፉም፤ «በእግር በኩል ይሁን፣ ራስጌ እንዳይደርስ» ብለው ተከራክረው አስፈቀዱኝ። እውነቱን ለመናገር አሁንም ትንሽ ቅር ይለኛል። ስስቴ በአንድ ጠዋት የሚለቅ አይደለም።

ሻንጣው ግማሹ ባዶ ሆኖ ተዘጋ። ባለቤቴ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በር ላይ ቆሟል። «ፓክ አድርገሽ ጨረስሽ? ትራፊክ አለ፤ ፌሪውን ሚስ ታደርጊዋለሽ!»

ልወጣ ስል አማቴ ጠሩኝ። ከመጡ ጀምሮ ምን ላምጣልዎ ስላቸው «ምንም» ከማለት በቀር አንድ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

«መርፌዎቹን ክር አስገብተሽልኝ ሂጂ» አሉ። ወደ ልጃቸው በአገጫቸው እያመለከቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱ ክሩን ያሳጥረዋል።»

ሻንጣዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ያለውን መርፌ ሁሉ ሰብስቤ፣ ረጅም ረጅም ክር እያስገባሁ፣ ከአልጋቸው አጠገብ ባለው መጋረጃ ጠርዝ ላይ በተርታ ሰካሁላቸው። እስክመለስ የሚበቃቸው መሰለኝ። ልነሳ ስል ደግሞ ልቤ አልቆርጥ አለ። መነጽርዎ የት አለ፣ መቀሱ ይደርስዎታል፣ መብራቱን ላስጠጋልዎ፣ ምሳ ፍሪጅ ውስጥ ነው እያልኩ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ። እሳቸው ቀና አላሉም። የመጀመሪያውን መርፌ ከመጋረጃው ነቅለው ሁለት ነጭ ቁርጥራጭ ገጥመው ይዘዋል።

«በይ ሂጂ አሁን» አሉኝ። «ሥራ ይዣለሁ።»