ባለቤቴ የተመረመረ ሰሞን

አምስት ዓመት ሙሉ ማህፀኔ የሰፈር ወሬ ነበር። ቡታጅራ ገበያ ያገኘኝ ዘመድ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ ሆዴ ይወርዳል። አማቴማ ፍርዳቸውን ጨርሰው ነበር፤ «ማህፀኗን ብርድ መቶታል» ይላሉ። ያፈሉልኝን ሥራሥር ሁሉ፣ ስሙን የማላውቀውንም ጭምር ጠጣሁ። ያተረፍኩት የጨጓራ ሕመም ነው።

ባለቤቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ቀኑን ሙሉ ምድጃው አፍ ላይ ይቆማል። እናቱ ደግሞ ከምድጃው ሲወጣ ብርድ እንዳይመታው ብለው ሱሪ በሱሪ ላይ ያስለብሱታል። ብርድ የገባበት ወንድ አይወልድም ባይ ናቸው።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማችን ውስጥ ላብራቶሪ ያለው የግል ክሊኒክ ተከፈተ። ሄጄ ተመረመርኩ፤ ምንም አልተገኘብኝም። የክሊኒኩ ጤና መኮንን «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ብሎኛል ብዬ ለባለቤቴ ብነግረው ሳምንት አኮረፈኝ። በዚያው ሳምንት አማቴ ሁለተኛ ሚስት እያፈላለጉለት መሆኑን ሰማሁ። ደሜ ፈላ።

«እኔ ያን ሁሉ መራራ ሥር ስጠጣ አንተ አንዲት የምርመራ ብልቃጥ ትፈራለህ?» አልኩት። በማግስቱ ሄደ።

ውጤቱን አብረን ሰማን። ዘሩ ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ካለውም ብዙው አይንቀሳቀስም። ጤና መኮንኑ ሥራውንና አለባበሱን ከጠየቀ በኋላ ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳን። የወንድ የዘር ፍሬ ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለው በከንቱ አይደለም፤ ዘር ለማምረት ከቀረው ሰውነት ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ሲበርደው ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ሲሞቀው ወደ ታች ይወርዳል።

«ከምድጃና ከድርብ ሱሪ ግን ወዴት ይሽሽ?» አለ። አዲስ ዘር ለመድረስ ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈጅበት ቢያንስ ሦስት ወር ከእሳት እንዲርቅ መከረው። ይሳካል ብሎ ግን ቃል አልገባም።

ባለቤቴ የውጤቱን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ይህን ወረቀት ደብቆ ሌላ ሚስት ሊያመጣብኝ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ዘመዶቹ ስለ አዲሷ ሚስት ሊመክሩ ቤታችን ተሰበሰቡ። አማቴ ገና ነገሩን ሲጀምሩ ባለቤቴ ተነሣ።

«እማ፣ ሌላ ሴት አትፈልጊልኝ። ጉድለቱ የኔ ነው። እሷ ጤነኛ ናት።»

እኔ ጓዳ ቆሜ በደስታ አለቀስኩ። ባልወልድም እንኳ ያን ቀን አሸንፌ ነበር።

ምድጃውን ለወንድሙ ለቆ እሱ ዳቦ ሻጭ ሆነ። ድርቡን ሱሪ እኔው ራሴ ወስጄ ለለማኝ ሰጠሁት። በስድስተኛው ወር አረገዝኩ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ ሕፃኗን ታቅፈው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና «አፉ በይኝ ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አሉኝ። አፉ አልኳቸው፤ ከልቤ ነው። ግን ወዲያው አላልኩም። አምስት ዓመት ያስጠበቁኝን ሴትዮ ሻዬን ጠጥቼ እስክጨርስ ድረስ አስጠበቅኳቸው።